የጋሼ ፓምፕ የስኳር ኪኒን

መስከረም 24

ይድረስ ለዶክተሪት፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ብርዱም ሥራውም አይጉዳሽ፤ ፈጣሪ እጅሽን ከስህተት፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። ስለ እኛ ካሰብሽ አለን። ጋራዡ አለ፣ ናፍጣው አለ፣ የናፍጣ ፓምፕ የሚያበላሽ ሾፌርም እንደ ልብ ነው፤ ሥራ አልጠፋም። ሰፈሩ አሁንም «ጋሼ ፓምፕ» ነው የሚለኝ። የእናትሽ የአጎት ልጅ ነኝ፣ ውጭ አገር ዶክተር ዘመድ አለችኝ ብዬ ብጎርር፣ «እሷ ኪኒን ቆጣሪ እንጂ መቼ ዶክተር ሆነች?» ብለው ያሾፉብኛል። እኔ ግን ዶክተሪት ማለቴን አልተውም። እኛ ቤት ተቀምጠሽ ስትማሪ ያን ሁሉ መብራት ያነደድሽብኝ በከንቱ ነው እንዴ?

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰሞኑን ትንሽ ስኳር አለብህ ተብያለሁ። የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በእኔ ዕድሜ ስኳር የሌለበት ሰው ምንም እንደሌለው ድሃ ነው የሚታየው። ኪኒኑ እዚህም ሞልቷል። ሆኖም ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳሸገው የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ ሐሰተኛ መለዋወጫ በሽታዬ ነው፤ ማሸጊያው አምሮ ውስጡ ቆርቆሮ የሆነ ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ ከዚያ ከምትሠሪበት ሆስፒታል እውነተኛውን የስኳር ኪኒን፣ ያንን ነጩንና ትልቁን፣ በዛ አድርገሽ ላኪልኝ።

ለማንም አታውሪ። ስልክም አትደውይልኝ። ጋራዥ ውስጥ በጩኸቱ አይሰማም፤ ቤቱ ደግሞ እንደምታውቂው ጠባብ ነው፤ መኝታ ቤት ያስነጠሰውን ሳሎን ያለው ይማርህ ይለዋል። ደብዳቤ ይሻለናል። ፖስታውን በጋራዡ አድራሻ አድርጊው።

ደጉን ያሰማሽ፤
ጋሼ ፓምፕ


ጥቅምት 17

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለእትዬ፣ ለዚያ ለጠባቡ ቤትም ሰላም። ዕድሜና ጤና አይለያችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ኪኒን እየቆጠርኩ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ባይሳሳቱ ደስ ባለኝ፣ ግን ልክ ናቸው። የምሠራው ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ከላይ የሐኪም ትእዛዝ ይወርዳል፤ እኛ የእያንዳንዱን በሽተኛ መድኃኒት በትሪ ለይተን ወደ ላይ እንሰዳለን። በሽተኞቹን አላያቸውም፤ የማውቃቸው በሚውጡት ነው።

ያሉኝን ኪኒን ልኬያለሁ። እዚህ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጥም፤ አንዲት የማውቃት ሐኪም «ለቅርብ ዘመዴ ነው» ብያት አምናኝ ጻፈችልኝ። ከምግብ ጋር ይውሰዱት። በባዶ ሆድ ከወሰዱት ያቅለሸልሽዎታል፣ ሆድም ያላላል። ኩላሊትዎን መመርመርም ግድ ነው።

አሁን አይቆጡኝና ልጠይቅዎት። ስኳርዎ ሲለካ ስንት ነበር? የትኛው ሐኪም አየዎት? ስኳር የጀመረው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ስለ ውሃ ጥሙ፣ ሌሊት ተነስቶ ስለ መሽናቱ ያወራል። እርስዎ የነገሩኝ ስለ ሾፌሮች ነው። ይሄ ኪኒን ደግሞ በዓለም ላይ ካሉ መድኃኒቶች ሁሉ ርካሹ ነው፤ ባሕር አሻግሮ የሚያስልክ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከነከነኝ። የእትዬ ሰላምታ የት ገባ? እርስዎ ደብዳቤ ሲጽፉ እሳቸው ከጀርባዎ ቆመው «ይቺን ጨምርልኝ፣ ያቺን ሰርዛት» ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። እርሳቸው ያላዩት ደብዳቤ ከዚያ ቤት ሲወጣ ይሄ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ደህና ናቸው?

እጅ ነስቻለሁ፤
ልጅዎ


ኅዳር 6

ይድረስ ለዶክተሪት፤

እንዳሰብሽልኝ ፈጣሪ ያስብልሽ። ዕቃው በሰላም ደረሰ፤ ማሸጊያው አልተነካም። ለዚያችም ሐኪም ምርቃቴን አድርሺልኝ፣ እጇ ይባረክ።

ጥያቄሽን ግን አበዛሽው ልጄ፤ እዚያ ምድር ቤት መርማሪ ፖሊስ ነው እንዴ ያደረጉሽ? የስኳሬ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ጋራዥ ውስጥ ናፍጣ ጠጥታ ቀረች። ከፍ ያለ ነው ብለውኛል፤ ከፍ ያለን ነገር ዝቅ ማድረግ ነው፣ በቃ። እትዬሽ ደህና ናት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት አሸክሟት እኔን ባሏን ቀና ብላ የምታየኝም አልሆነች። ሰላምታዋን ከዚህኛው ጋር ቁጠሪው።

አሁን ደግሞ ኮሌስትሮልም አለብህ ብለውኛል። በሽታ ብቻውን መግባት ያፍራል መሰለኝ፣ ጓደኛ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የኮሌስትሮሉን ኪኒን ጨምሪበት። እግረ መንገድሽን ደግሞ የትል መድኃኒት፣ ያንን ለልጆች የሚሰጠውን፣ ላኪልኝ። አንድ ፍሬ ሁለት ፍሬ አይደለም፤ ለወራት የሚበቃ ይሁን። የስኳሩንም ድገሚው፤ የላክሽው ሩቅ አይሄድም።

ለምን ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ትልቅ ሰው ሲለምን ለምን አይባልም። በይ ሥራ ይቅናሽ።

ጋሼ ፓምፕ


ታኅሣሥ 9

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ የዘገየው ፖስታ ቤቱ አጥፍቶ አይደለም። ደብዳቤዎን በነጭ ጋውኔ ኪስ ይዤው ሰነበትኩ፤ መድኃኒት ለመቁጠር እጄን በሰደድኩ ቁጥር እያገኘሁት ሥራ ያምታታብኛል።

የላክሁት ኪኒን ለአንድ ሰው ረጅም ጊዜ የሚበቃ ነበር። ሐኪም ካዘዘው እጥፍ ካልዋጡ በቀር ቶሎ ሊያልቅ አይችልም። የትል መድኃኒት ለወራት ያሉኝ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች በሙሉ አሰልፈው ሊያክሟቸው ነው? ጋሼ፣ እኔ ሙያዬ ይሄ ነው። ሰው ምን እንደሚውጥ አይቼ ምን እንዳመመው እገምታለሁ። የእርስዎ ግን ከአንድ ሰው ገላ ጋር አልገጥም አለኝ።

ስለዚህ ወደማልፈልገው ሐሳብ ሄድኩ። የእትዬ ታናሽ ወንድም መድኃኒት ቤት ከፍቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ለዘመድ ተብሎ የወጣ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲሸጥ ከተያዘ የእኔ የሥራ ፈቃድ ይነጠቃል፤ ያመነችኝ ሐኪምም ትዋረዳለች። ቀድሞውኑም «ዘመድሽ እንዴት ሆኑ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? «ሱቅ ከፍተዋል» ልበላት?

በእናንተ ቤት በልቼ አድጌ እንዲህ መጻፌ ያሳፍረኛል። ቢሆንም እቅጩን ካልነገሩኝ አንድም ፍሬ አልልክም። ይሄ መድኃኒት የሚገባው ማን ሆድ ውስጥ ነው?

አክባሪ ልጅዎ


ታኅሣሥ 28

ሰላምታው ይቆየን።

ነጋዴ አደረግሽኝ። በስተርጅና፣ በዚህ በናፍጣ በጠቆረ እጄ፣ ኪኒን ቸርቻሪ አደረግሽኝ። የሚስቴ ወንድም መድኃኒት ቤት ቢከፍት እኔን ምን አገባኝ? በሩን እንኳን ረግጬው አላውቅም። በንዴት ደብዳቤሽን ቀድጄው ነበር፤ ኋላ ቁጭ ብዬ ገጣጠምኩት። እቅጩን አልሽ አይደል? እንኪ እቅጩን።

የታመመችው እትዬሽ ናት።

ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ይዣት ሄድኩ፤ በመርፌ ወስደው መረመሩት። ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሙ እኔን ለብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ፤ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን አጠገብ ነው የቆምነው። «ካንሰር ነው። የተሠራጨ አይመስለንም። ቶሎ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ይውጣ» አለኝ። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የተማሪ ፈተና ታርማለች። ቀና ብላ «ምን አለህ?» ስትለኝ፣ አፌ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «እብጠቱስ ምንም አይደለም፤ ደምሽ ውስጥ ስኳር ተገኘ» አልኳት። «ተመስገን!» ብላ ወደ እርማቷ ተመለሰች። አየሽ፣ አመሰገነች። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?

እናቷ በዚሁ በሽታ ሆስፒታል ገብተው፣ ተቀደው፣ ሳይድኑ ቀሩ። ያኔ ከቀብር ስንመለስ «እናቴን ለቢላ ባልሰጣት ኖሮ» እያለች ነው ያለቀሰችው። ይሄን በጆሮዬ ሰምቼ እሷኑ ለቢላ ላቀርባት ነው?

ሲጨንቀኝ የመለዋወጫ ሱቁ ሰውዬ፣ ያ ሁሉን አውቃለሁ ስለሚል «ፕሮፌሰር» የምንለው፣ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣለ ያስረዳል። ካንሰር ማለት ሁለት የነዳጅ መስመር ያለው ሞተር ነው። አንደኛው መስመር ስኳር ነው። እሱ ሲዘጋበት ወደ ሁለተኛው ይዞራል። በየቤቱ ያለው ተራ የስኳር ኪኒን የመጀመሪያውን ያጠባል፤ የኮሌስትሮሉና የትሉ መድኃኒት ሁለተኛውን ይዘጋሉ። ለየብቻ ከሆኑ ዋጋ የላቸውም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ሞተሩ ይታነቃል። ይሄ እኔን ካልገባኝ ማንን ሊገባው ነው? ዕድሜዬን ሙሉ የነዳጅ መስመር ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ!

ስለዚህ ጀምሬዋለሁ። ኪኒኑን ጨመር አድርጌ ነው የምሰጣት። ታንከሩንም እያደረቅሁት ነው፤ እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ድንች የለም፣ ፍራፍሬ የለም። ስኳር አለብኝ ብላ ስለምታምን ለምን ብላ አትጠይቀኝም። ጎመንና ውሃ፣ ጎመንና ውሃ። ቀሚሷ ሰፍቷታል። እብጠቱም የቀነሰ መስሎኛል። የቀዶ ጥገናውን ቀጠሮ ሁለቴ «መንገድ ሄዳለች» ብዬ አስተላልፌዋለሁ።

በይ አሁን ላኪልኝ። ማስተማሩን ተይውና ላኪልኝ።


ጥር 11

ለምወድዎት ጋሼ፤

ፈጣሪ እትዬን ይማርልን። እርስዎንም ያጽናናዎት። ነጋዴ ስላልኩዎት ጉልበትዎን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ላይ፣ በመደርደሪያዎቹ መሐል ቆሜ ነው። አልቅሼ ሳበቃ ትሪዎቼን ሌላ ሰው እንዲያይልኝ ሰጠሁ፤ በዚያ ዓይን መድኃኒት መቁጠር አይቻልም።

ፕሮፌሰሩ ያሳየዎት ነገር ከባዶ የተነሣ አይደለም። እኛ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ የስኳሩን ኪኒን ለካንሰር የሚወስዱ ሕሙማን አሉ፤ ትሪያቸውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ጥናት ላይ ናቸው። የኮሌስትሮሉን ከእሱ ጋር አዳብለው የሚያጠኑም አሉ። ያቺን ወረቀት የጻፈችልኝን ሐኪም ጠየቅኳት። እስካሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ጥሩ የሠራው ሰው ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ እንደታሰበው አልሆነም፤ ማን ላይ ሊሠራ እንደሚችል ገና አይታወቅም አለችኝ። ግን ልብ ይበሉልኝ፤ እነዚያ ሕሙማን በሙሉ ቀዶ ጥገናውንም መድኃኒቱንም ከሚሰጣቸው ሐኪም እጅ አልወጡም። ኪኒኑ የሚሰጣቸው ተጨምሮ ነው። በሕክምናው ፋንታ የስኳር ኪኒን የተሰጠው ሰው ትሪ አንድም ቀን አዘጋጅቼ አላውቅም።

ሞተሩን በተመለከተ፣ እኔ ስለ ፓምፕ አላውቅም፤ እርስዎ ያርሙኝ። የጭነት መኪና ነዳጅ ሲያልቅበት ይቆማል፤ በቃ። የሰው ገላ ግን አይቆምም። ምግብ ሲያጣ የራሱን ሥጋ እያፈረሰ ስኳር ይሠራል፤ እብጠቱም ከዚያው ድርሻውን ይወስዳል። እትዬ የሚነዱት ከዚያው ከታንከሩ ነው ጋሼ። ለእብጠቱ ብቻ የሚሄድ መስመር የለም። ቀሚሳቸው የሰፋው እብጠቱ ስለተራበ አይደለም። የቀነሱት እሳቸው ናቸው።

ስለ እናታቸው አንድ የማያውቁት ነገር አለ። እኔ እናንተ ቤት ሳለሁ፣ አንድ እሑድ ልብስ እያጠብን እትዬ አጫውተውኛል። እናታቸው ቢላ የነካቸው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። በሽታው ከጅምሩ ታውቆ ነበር፤ ቤተሰቡ «ትደነግጣለች» ብሎ ሸሸጋቸው። እትዬም ከሸሻጊዎቹ አንዷ ነበሩ። ሲነግሩኝ እጃቸው ሳሙናው ውስጥ ቆሞ ቀርቶ ነበር። የሚቆጫቸው ቢላው ይመስልዎታል?

ለምንዎታለሁ። ዛሬ ያብሏቸው። ኪኒኑን ሐኪሙ እስኪያየው ያቁሙት። ቀጠሮ ያስይዙና እውነቱን ይንገሯቸው። የሚቀጥለው ደብዳቤዎ የቀጠሮውን ቀን ይዞ ካልመጣ፣ እኔው ራሴ ለእሳቸው እጽፋለሁ።

ልጅዎ


የካቲት 3

ለፋርማሲስቷ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለፕሮፌሰር አነበብኩለት፤ ሳቀ። «አላልኩህም?» አለኝ። «የትል ኪኒን ሸጦ ማን ይከብራል? ይሄ ርካሽ መድኃኒት ካንሰር የሚያድን ከሆነ ኩባንያዎቹ ምን ሊበሉ ነው? እሷስ ደሞዟን የሚከፍሏት እነማን ናቸው?» አለኝ። አንቺ መልስ ካለሽ ላኪልኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለእነሱ ሰዎች ይሰጣሉ፤ ለእኛ ሲሆን ጊዜ «አይታወቅም» ይባላል። ይሄን ያህል ጅል አይደለሁም። የሚስቴን ወንድም ጠረጠርሽ፣ እኔን ጠረጠርሽ፤ ሳትጠረጥሪ የቀረሽው አለቆችሽን ብቻ ነው። መድኃኒቱን ፕሮፌሰር ከሌላ ቦታ አምጥቶልኛል፤ ከእንግዲህ ያንቺን አልፈልግም።

ለእሷ እጽፋለሁ ያልሽውን ደግሞ እርሺው። ቤቴ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። በሳሙና ውስጥ ቆመ ስላልሽው እጅም፣ ሚስቴን እኔ ነኝ የማውቃት።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ምነው?» ብላት «አየሩ ነው፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ» አለች። አየሩ ነው።


የካቲት 21

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ስለ ኩባንያዎቹ ያሉት ሁሉ ሐሰት አይደለም። አሮጌና ርካሽ መድኃኒት የሚያጠናለት ባለገንዘብ በቀላሉ አያገኝም፤ እኛም እዚህ እርስ በርሳችን እናማዋለን። ይሄ ግን እትዬ ጡት ላይ ያለውን አያወጣውም። የእኔን አለቆች እስከፈለጉት ይጠርጥሩ፤ በዚያው ዓይንዎ ፕሮፌሰሩንም አንድ ጊዜ ይዩት። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳሸገው የማይታወቅ ኪኒን አልፈልግም ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነበሩ።

የቤቱ ደብዳቤ በእጅዎ እንደሚያልፍ ስለነገሩኝ፣ ለእትዬ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ጻፍኩላቸው። ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ፖስታ አንድ ላይ ለፖስታ ቤቱ ሰጠሁ። የእርስዎ ቀድሞ እንዲደርስ በፈጣኑ ነው የላክሁት፤ የእሳቸው በተራው ነው። ጥቂት ቀን ይቀድማሉ። ጋሼ፣ ይህንን ከእኔ ወረቀት እንዳይሰሙት። እባክዎን።

ልጅዎ


ግንቦት 27

ይድረስ ለዶክተሪት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ነበር፤ ሰላምታው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። አሁን ግን የሆነውን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ እንዳስቀየምኩሽ ብታውቂም አንብቢልኝ።

ደብዳቤሽ ቀድሞ ደረሰኝ። ጥቂት ቀን ሰጥተሽኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስነሣ «ዛሬ እነግራታለሁ» እላለሁ። ማታ ደክሟት ስትገባ አይና «ትረፍ፣ ነገ» እላለሁ። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ለመናገር እንዳይመስልሽ፤ ደብዳቤውን ለማስቀረት ነው። ጥበቃውን «ለባለቤቴ የመጣ ፖስታ ካለ ልውሰድላት» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አባቴ፣ ለእሳቸው የመጣ ለእሳቸው ነው የሚሰጠው» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በቱታ፣ በር ላይ ቆሜ ከሰው ጋር ተጨቃጨቅሁ። መጨረሻ ላይ ገፍቶ አስወጣኝ።

በማግስቱ ነው። ከሥራ ስገባ ቀድማኝ ገብታለች። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አለ፣ የተቀቀለ ድንች አለ፣ ሙዝ አለ። ልብሷን እንኳን አልቀየረችም። ተቀምጣ ትበላለች። ፍጥነትም የላት፣ ዝግታም የላት፤ ምሳ ሰዓት ላይ እንዳለች መምህርት ነው የምትበላው። ሻይ ቀዳች። ስኳር በማንኪያ ጨመረች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ዓይን ዓይኔን እያየች ታማስላለች። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ቁልፉ አሁንም በጄ ነው። ጠጥታ ስኒውን አስቀመጠችና፣

«ቀጠሮው መቼ ነበር?» አለችኝ።

«የትኛው?»

«የመጀመሪያው።»

ነገርኳት። ሁለተኛውንም ነገርኳት። የእናቷን ነገር አነሣሁ፤ «አንቺ እኮ ለቢላ ባልሰጣት ብለሽ...» ስል አላስጨረሰችኝም።

«ስለ እናቴ የተናገርኩት ስለ እናቴ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የቀረውን ዳቦ ጠቅልላ ለነገ አስቀመጠች። ጠዋት ተነሥቼ ልብሴን ስለብስ «አንተ ወደ ጋራዥህ ሂድ» ብላኝ ብቻዋን ወደ ሆስፒታል ሄደች። ያንን ቀን አንድ ፓምፕ ስፈታ ስገጥም፣ ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። ፕሮፌሰር «እንዴት ሆነች? ኪኒኑ ሠራላት?» ብሎ መጣ። ያመጣልኝን ዕቃ በሙሉ በካርቶኑ መለስኩለት። ወንጀሉ የእሱ ነው ልል ዳድቶኝ ነበር። አይደለም። እሱ ቪዲዮ ነው ያሳየኝ፤ አግዳሚው ላይ ላለችው ሴት የዋሸኋት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ እንድታገግም ብለው ለሳምንታት አበሏት፤ በዚያ አቅም ማደንዘዣው አይቻላትም አሉ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው። ከዚያ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። በሰላም ወጣች፤ ተመስገን። ግን ብብቷ ሥር ካሉት እጢዎች ውስጥም ተገኝቷል። ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ «ያኔ ቢወጣ ኖሮ ብብቷ ሥር አይደርስም ነበር?» አልኩት። «ይሄን እኔም አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም፤ አሁን የሚቀጥለው መድኃኒት ላይ እናተኩር» አለኝ። ባይጠላኝ ኖሮ እንዲህ ባለ ትሕትና አይመልስልኝም ነበር። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ጀምራለች። ፀጉሯ መርገፍ ጀምሯል።

አሁን ሐኪም ጋ ስትገባ እኔ ውጭ ነኝ። ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትሰማለች። ስለ ስኳር ኪኒኑ እንኳን አንሥታበታለች፤ የጻፍሽላትን አሳይታው። «ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ኩላሊትሽን አይተን፣ ከዋናው ሕክምና ጋር የምንሰጥሽ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን፤ ካልሆነም ይቀራል» ብሏታል አሉ። «አሉ» የምልሽ ከሌላ ሰው ስለሰማሁት ነው። እኔን የምታማክረኝ ቢኖር መስኮቱን ልዝጋው ልክፈተው የሚለውን ነው።

ዶክተሪት፣ ከእንግዲህ ላኪልኝ የምልሽ መድኃኒት የለም። ያንቺን ጥርጣሬ ተቆጥቼበት ነበር፤ የፕሮፌሰርን ጥርጣሬ ደግሞ ወድጄው ነበር። አሁን ሌላ ዓይነት ጥርጣሬ ቤቴ ገብቷል፤ እሱን እንዴት እንደማክመው አላውቅም። ትናንት ራሷን ክፉኛ ፈለጣት። ሮጬ የራስ ምታት ኪኒን አመጣሁላት፤ ማንም ቤት ያለውን፣ አንቺም ሕፃን ሳለሽ የዋጥሽውን። ከእጄ ተቀበለችው። አገላብጣ ማሸጊያውን አነበበች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ሆስፒታል ደወለችና፣ እዚያው ፊቴ፣ ስሙን ፊደል በፊደል እየነገረች «ባለቤቴ ይሄን ሰጥቶኛል፤ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ የውሃውን ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ጠበቅኳት።

ጋሼ ፓምፕ